ከቡናው በፊት ኪኒኑ

ደሴ ውስጥ «ብርድ ብርድ ይለኛል» ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው የለም። ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጦሳን ተደግፋ የተቀመጠች ናት። ክረምት ሲገባ ጉሙ ሳያንኳኳ ቤት ይገባል፣ የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ አይደርቅም። የማይበርደው ማን አለ? ስለዚህ በሰኔም በጥርም ካልሲ ደርቤ ስተኛ ማንም ምንም አላለኝም።

ብርዴ ከሰው ብርድ የተለየ መሆኑ የታወቀው ኮምቦልቻ ላይ ነው። ለዘመድ ሠርግ ወርደን ነበር። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሳችሁ ስትወርዱ አየሩ ይቀየራል፣ ሰዉ ገና መኪና ውስጥ እያለ ጃኬቱን ማውለቅ ይጀምራል። እኔ ሹራቤ ላይ ጋቢ ደርቤ ዳሱ ጥግ ኩርምት ብዬ ተቀመጥኩ። ሙሽሮቹ ገብተው እልልታው ሲቀልጥ እጄን ከጋቢው አውጥቼ ማጨብጨብ ሞት ሆነብኝ። ያክስቴ ባል አየት አደረገኝና «ይቺን ልጅ ወባ ይዟታል መሰለኝ» አለ። ኮምቦልቻ ላይ በቀትር የሚንቀጠቀጥ ሰው ሌላ ምን ይባላል።

ሌላው ምልክት ደግሞ ሞልቶ ነበር። ጠዋት ከአልጋ መነሳት ያቅተኛል። ፀጉሬ በማበጠሪያ ሙሉ ይወጣል። ሆዴ ይደርቃል፣ ድምፄ ጎርንኗል፣ የወር አበባዬ ሲመጣ አይቆምም። ያው እኛ አገር ሴት ስትወፍር ምርቃት ነው፤ ፊቴ አባብጦ፣ ቅንድቤ ሳስቶ «ማሻአላህ፣ ተመችቶሻል!» እያሉ አገላብጠው የሚስሙኝ ነበሩ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ (የቱ እንደሆነ ይቅር) መጀመሪያ ጨጓራ ተባልኩ። ቀጥሎ ታይፎይድ። ቀጥሎ ደም ማነስ። ደም ማነሱስ እውነት ነበር፤ ግን እሱ ራሱ የሌላ ነገር ጭራ ነበር።

በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም ከኋላዬ ቆማ አንገቴን ዳሰሰችና «ምራቅሽን ዋጪ» አለችኝ። ዋጥኩ። «እስቲ ድገሚ።» ደገምኩ። ከዚያ ሌላ ምንም ሳትል የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ ነው) ምርመራ ጻፈችልኝ። ቲኤስኤች የሚባለው፣ አንጎል ዕጢውን «ሥራ!» የሚልበት ትእዛዝ፣ ዕጢው በደከመ ቁጥር የሚጨምረው፣ ጤነኛ ሰው ላይ ከ4 ገደማ የማይበልጠው፣ የኔ ከ60 በላይ ሆኖ መጣ። አንቲ ቲፒኦ የሚባለው፣ ዕጢውን የሚቃወሙ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚለካው ሌላው ምርመራ ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ነው ውጤቱ የመጣው፤ እሱም ጣሪያ ነክቷል። «ሐሺሞቶ ነው» አለች ሐኪሟ። አብራኝ የነበረችው እናቴ ክው አለች፤ «ማን ሞቶ?!»

ሐሺሞቶ የሰው ስም ነው። ሐካሩ ሐሺሞቶ የሚባል ጃፓናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1912 ከአራት ሴቶች የተወሰደ የታይሮይድ ዕጢ መርምሮ፣ ዕጢው ውስጥ እንደዚያ መከማቸት የሌለባቸው ነጭ የደም ሴሎች ሞልተው ማግኘቱን በጀርመንኛ ጽፎ አሳተመ። ዛሬ ምክንያቱ ታውቋል። ከተሕዋስያን እንዲጠብቀን የተሠራው የሰውነት መከላከያ ዞሮ የገዛ ዕጢያችንን ይመታል። ዕጢው እየደከመ ሲሄድ ሆርሞኑ ያንሳል፣ ሆርሞኑ ሲያንስ ደግሞ ሁሉ ነገር ይዘገያል። ልብ፣ አንጀት፣ ሐሳብ፣ የሰውነት ሙቀት፣ ሁሉም። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ በጣም ይበዛል፣ በዘርም ይሄዳል። ሕክምናው የጎደለውን ሆርሞን በኪኒን መተካት ነው፤ ሌቮታይሮክሲን ይባላል፣ ብዙ ጊዜም የዕድሜ ልክ ነው።

እስከዚህ ቀላል ነው። ጣጣው የመጣው ምግብ ላይ ነው።

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ወሬውን እንደሰማች በቴሌግራም አንድ ረጅም ዝርዝር ላከችልኝ። በራስ መከላከያ በሽታ ለሚሠቃይ ሰው የተዘጋጀ ነው የሚባል የአመጋገብ ሥርዓት ነው፣ እዚያ በጣም የታወቀ። መጀመሪያ ሁሉንም ታቆሚያለሽ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለስሽ የቱ እንደሚጎዳሽ ታያለሽ። ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እህል በሙሉ አይበላም፤ ስንዴም ገብስም ጤፍም። ጥራጥሬ አይበላም፤ ስለዚህ ሽሮ ሄደ፣ ምስር ሄደ፣ ክክ ሄደ። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ። በርበሬ! እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ። ኑግ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ። መጨረሻ ላይ ቡና።

እናቴ እስከ በርበሬው ድረስ በትዕግሥት ሰማችኝ። ቡናው ላይ ስደርስ ተነሳች። «ታዲያ ምን ቀረሽ?» አለች። «ሥጋና ጎመን» አልኳት። «ጎመኑንም ሌላ ዝርዝር ላይ ከልክለውታል።» ትንሽ አሰበችና «ይሄማ የሀብታም በሽታ ነው» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ልሳቅበት እንጂ ዝርዝሩን የጻፉት ሰዎች ሞኞች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ሐሺሞቶ ያለባቸው 17 ሴቶች ይህንን አመጋገብ ለ10 ሳምንት ተከተሉ። ሴቶቹ እንደተሻላቸው ተናገሩ፤ ድካሙም ስሜቱም ቀለል ብሏቸዋል። የታይሮይድ ሆርሞናቸውና ፀረ እንግዳ አካሎቻቸው ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ጎን ለጎን የሚነጻጸር ሌላ ቡድንም አልነበረውም። ባለሙያ እየተከታተላት፣ እየተደገፈች፣ የታሸገ ምግብና ስኳር ትታ 10 ሳምንት የቆየች ሴት ቢሻላት አይገርመኝም። እኔም ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ይሄ ግን ዕጢው ዳነ ማለት አይደለም፣ በተለይ ደግሞ ኪኒኑ ይቁም ማለት አይደለም። ዝርዝሩን የሚያስተላልፉት ሰዎች ይህችን ሁለተኛዋን ነገር ሲዘሏት ነው የምናደደው።

ከዝርዝሩ ሁሉ በጣም የሚነሳው ስንዴ ነው። ወይም ግሉቲን፤ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው፣ ሊጡን የሚያያይዘው ፕሮቲን። ይሄ ከባዶ ሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም። ሴሊያክ የሚባል ሌላ በሽታ አለ፣ ግሉቲን ሲበሉ የራስ መከላከያ ትንሹን አንጀት የሚጎዳበት። ሐሺሞቶ ያለበት ሰው ላይ ሴሊያክ ከሌላው ሰው በላቀ ሁኔታ ይገኛል። ሁለቱም ያለባት ሴት ስንዴና ገብስን ዕድሜ ልኳን መተው አለባት፣ አማራጭ የላትም። ሴሊያክ ለሌለባት ሴት ግን ስንዴ መተው ዕጢዋን ይጠቅማል የሚለው ማስረጃ እስካሁን ስስ ነው።

ሐኪሜ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለችኝን ለሰው ሁሉ እደግመዋለሁ፦ «መጀመሪያ ተመርመሪ፣ ከዚያ ተዪ።» ብዙ ሰው በተቃራኒው ነው የሚያደርገው። ስንዴውን ካቆሙ ከርመው ቢመረመሩ የደም ምርመራው በሽታው እያለም የለም ሊል ይችላል። እኔ ስንዴዬን እየበላሁ ተመረመርኩ፣ ነጻ ሆንኩ። ቢሆንም ለተወሰነ ጊዜ ትቼ ማየት ፈለግሁ። ሆዴ አመቱን ሙሉ ሲነፋ ኖሯልና የማየት መብት ነበረኝ።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው አንድ ነገር ይለኛል። «ጤፍ ግሉቲን የለውም፣ ለኢትዮጵያዊ ምን ችግር አለበት?» እውነት ነው፣ ጤፍ የለውም። ማሽላም በቆሎም የላቸውም። ግን ወሎ ላይ ነን። እንጀራው እንደ ኪሱና እንደ ወቅቱ ከገብስም ከምንም ይቀላቀላል፣ የሚሸጠው እንጀራ ውስጥ ምን እንዳለ የጋገረችው ብቻ ናት የምታውቀው። እርሾው ካለፈው ሊጥ የተረፈ ነው፤ ያለፈው ሊጥ ገብስ ከነበረ እርሾውም ገብስ አለበት። በሶው ገብስ ነው። ቆሎው ገብስና ስንዴ ነው። ቀሪቦው ገብስ ነው። ለቅሶ ቤት የሚቀርበው ንፍሮ ስንዴ ነው። የቡና ቁርሱ ዳቦ ነው፣ ካልሆነም ዳቦ ቆሎ።

ከሁሉም ግን ወፍጮ ቤቱ። ሰኞ ገበያ ወርጄ ሰርገኛ ጤፍ ገዛሁ፣ አበጥሬ፣ ነፍቼ፣ ተሸክሜ ሄድኩ። ተራ ጠበቅኩ። ከኔ በፊት ያለችው ሴትዮ ኩንታል ስንዴ ለድፎ እያስፈጨች ነው። ዱቄቱ በአየር ላይ ይበናል፣ የወፍጮው ባለቤት ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። ጠጋ ብዬ «አባባ፣ ከኔ በፊት ማሽላ የሚያስፈጭ ካለ እሱን ያስቀድሙልኝ» አልኩ። ወፍጮውን ሳያቆም ጆሮውን ሰጠኝ። ደገምኩለት። ለምን እንደሆነ በጩኸት አስረዳሁት፣ ሕመሙን፣ ግሉቲኑን፣ ሁሉንም። ሰዉ ሁሉ ሰማ። ሽማግሌው በሐዘን አየኝና «ልጄ፣ ወፍጮ እኮ ዘር አይለይም» አለኝ። ግን ደግ ሰው ነው። ማሽላ ያላትን ሴት ጠርቶ አስቀደማት፣ የኔንም የመጀመሪያውን ዱቄት በሌላ ፌስታል ለየልኝ፤ እሱን እናቴ ትወስደዋለች። እስከዛሬ ድረስ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሲያየኝ «ማሽላዋ መጣች» ነው የሚለው።

ምግብ መተው ብቻውን ይቻላል። የማይቻለው የሰው ቤት ነው። ወሎ ላይ «አልበላም» ማለት ራሱን የቻለ ንግግር ነው፤ ወይ ተቀይመሻል፣ ወይ ንቀሻል፣ ወይ ጾም ላይ ነሽ። «በሞቴ» ይመጣል። «አፈር ስሆን» ይመጣል። ጉርሻው ከንፈርሽ ላይ ደርሶ አንቺ ስለ ትንሹ አንጀት ማስረዳት ትጀምሪያለሽ። «ስኳር ነው?» ይሉሻል፣ ስኳርን ሁሉም ሰው ያውቀዋልና። አንዳንድ ቀን ደክሞኝ «አዎ፣ እንደሱ ነገር» እላለሁ። በኋላ የተረዳሁት ግን ከሁሉም የሚሠራው አንድ ዓረፍተ ነገር መሆኑን ነው፦ «ሐኪም ከልክሎኛል።» ይህን ስትዪ ክርክሩ ይቆማል። ሐኪም ያለው ይከበራል፣ የኔ ፍላጎት ግን ለድርድር የቀረበ ነው። «አብሽሪ፣ አላህ ያሽርሽ» ይሉሽና ሌላ ነገር ፍለጋ ጓዳ ይገባሉ። ያኔ ነው ደግሞ ልብሽ የሚነካው፤ ሴትዮዋ ከእንግዳ መሐል ተነስታ ላንቺ ብቻ ድንች ስትቀቅል።

ጎመን ላይ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም በየቦታው «ታይሮይድ ካለብሽ ጎመን አትንኪ» ይባላል። ጎመንና ጥቅል ጎመን ውስጥ ዕጢው አዮዲን እንዳይወስድ የሚያደናቅፉ ነገሮች መኖራቸው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ትልቅ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ታሪክ አለ። አንዲት የ88 ዓመት ሴት ለወራት በየቀኑ ከኪሎ በላይ የቻይና ጎመን ጥሬውን በልተው ዕጢያቸው ሥራ አቁሞ ራሳቸውን እስከ መሳት ደረሱ። ጥሬውን፣ በየቀኑ፣ ከኪሎ በላይ። እናቴ ጎመን ስትሠራ ማለዳ የተጣደው እስከ ምሳ ይንተከተካል፤ መብሰል ደግሞ የዚያን ነገር ጉልበት ይቀንሰዋል። ጎመኔን እበላለሁ።

ጨው ሌላ ታሪክ ነው። አያቴ እንቅርት ነበረባት፣ በሻሽ ትሸፍነው ነበር። የእሷ ትውልድ ችግር የአዮዲን እጥረት ነው፤ ደጋ ላይ አፈሩም ውኃውም አዮዲን ያንሰዋል። ጨው በሙሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ የታዘዘው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ስለዚህ የኔ አንገት ሲነሳ አሮጊቶች ሁሉ መድኃኒቱን ያውቁታል፦ «አዮዲን ያለው ጨው አብዢ።» ምክሩ ለአያቴ በጊዜው ቢደርስ ወርቅ ነበር። የኔ ዕጢ ግን አዮዲን አልተራበም፣ እየተመታ ነው ያለው። በወጥ ውስጥ ያለው የተለመደው ጨው ይበቃል፤ ከልክ ያለፈ አዮዲን ሐሺሞቶን ሊያባብስ ይችላል። ከውጭ የሚላኩት የባሕር አረም እንክብሎች ለዚህ ነው የሚያስፈሩኝ። «ለታይሮይድ» ብለው ነው የሚጽፉባቸው፣ ውስጣቸው አዮዲን ታጭቋል።

ሴሊኒየም የሚባለው ማዕድንም ከዚያው ሻንጣ ነው የሚወጣው። አንዳንድ ጥናት ላይ ፀረ እንግዳ አካሉን ዝቅ አድርጓል፣ ሴቶቹ ተሻላቸው ወይ የሚለው ግን ግልጽ አይደለም፣ ሲበዛ ደግሞ ራሱ ፀጉር ያረግፋል። ለፀጉር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን ያለበት ቫይታሚንም የታይሮይድ ምርመራን ሊያዛባ ስለሚችል ከምርመራው ጥቂት ቀን በፊት ማቆም ነው፤ ወይም ቢያንስ ለሐኪሙ መንገር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ ስለ ምግብ ስናወራ የኔን ጤና በትክክል ያዞረው የምበላው ነገር አልነበረም። ኪኒኑን የምውጥበት ሰዓት ነበር።

መድኃኒቱን መጀመሪያ የሰጠኝ ፋርማሲ «ጠዋት ጠዋት አንድ» አለኝ። ልክ ነው፣ ግን ጎደሎ ነው። ሌቮታይሮክሲን ባዶ ሆድ ይወዳል፤ በንጹሕ ውኃ ተውጦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ምንም ሳይከተለው መቆየት አለበት። ቡና ከደረሰበት አንጀት ውስጥ በደንብ አይገባም። የደም ማነስ ኪኒን፣ ካልሲየም፣ የጨጓራ ማስታገሻ ደግሞ ከሱ 4 ሰዓት መራቅ አለባቸው። እኛ ቤት ደግሞ ቡና የሚፈላው ገና ሳይነጋ ነው፤ አቦሉ ሲቀዳ ጠዋት ነው፣ ኪኒኑም የጠዋት ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ይወርዳሉ። የብረቱም ኪኒን ሦስተኛ ሆኖ። ሐኪሟ ቲኤስኤቼ አልወርድ ሲል መጠኑን ልትጨምር እስክሪብቶ አነሳች፣ ከዚያ ቆም ብላ «ቡናሽን ስንት ሰዓት ነው የምትጠጪው?» አለችኝ። መጠኑ ሳይጨመር፣ ሰዓቱ ብቻ ተቀይሮ፣ ቀጣዩ ምርመራ ላይ ቁጥሩ ወረደ።

ሰዓቱን ያስተካከለልኝ አዛን ነው። ከሸዋ በር በኩል የሱብሒ አዛን ሲሰማ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ ከራስጌዬ ካለው ብርጭቆ ጋር ኪኒኑን እውጣለሁ። ሰግጄ፣ ቤት ጠራርጌ፣ እሳቱ እስኪያያዝ አንድ ሰዓት ይሞላል። እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ክርስቲያን ናቸው፣ ዕድሜያቸው ከእናቴ ይበልጣል፣ የጠዋት ቡና በፈረቃ ነው የምናፈላው፣ አንድ ቀን እሳቸው ጋ አንድ ቀን እኛ ጋ። የሳቸው ተራ ሲሆን በአጥሩ ላይ ሆነው «አንቺዬ፣ ኪኒንሽ ገባ?» ይሉኛል። ገባ ካላልኩ አቦል አይቀዳም። አንድ ጊዜ እንግዳ ሁሉ ተሰብስቦ ጀበናውን ይዘው ደቂቃ ሲያስቆጥሩ ነበር። ከሐኪም ቤት የወጣ ማስጠንቀቂያ ሁሉ የሳቸውን ያህል አልሠራልኝም።

ረመዳን ሲመጣ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ሲጾም ሆድ ባዶ የሚሆነው ቀን ነው፣ ቀን ደግሞ አይዋጥም። ሁለት መንገድ አለ። ወይ ከፍጥር በኋላ ምግብ ቆሞ 3 ሰዓት ያህል ሲያልፍ ከመኝታ በፊት መዋጥ፣ ወይ ለሱሑር ከመብላት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መነሳት። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር ግን በረመዳን ሌሊት ደሴ ላይ ምግብ የሚቆምበትን ሰዓት ያየ ሰው ይንገረኝ። ተምር፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳ፣ ከተራዊሕ መልስ ሻይ፣ ሻዩን ተከትሎ ደግሞ ሌላ ነገር። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። ሞባይሉ ይጮሃል፣ ተኝቼ እውጣለሁ፣ እንደገና እተኛለሁ፣ እናቴ ለሱሑር ስትቀሰቅሰኝ ሰዓቱ ሞልቷል። ከዒድ በኋላ ተመርምሬ ቁጥሩን አያለሁ። ክርስቲያን ሆናችሁ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙም ይህን ነገር ከሐኪማችሁም ከንስሐ አባታችሁም ጋር ተነጋገሩበት፤ በራስ ዘልሎ መተው ግን አይሆንም።

የ2014ቱ ጦርነት ደሴ ሲደርስ ይህ ጉዳይ ሌላ መልክ ያዘ። ፋርማሲ ተዘግቷል፣ የቀረውም ተዘርፏል፣ በእጄ የነበረው አለቀ። ያኔ ስለ ግሉቲን ያሰብኩ እንዳይመስላችሁ። ቂጣ ተገኘ ቂጣ፣ ቆሎ ተገኘ ቆሎ፣ አልሐምዱሊላህ ብለን በላን። ሌቮታይሮክሲን ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ነው፤ ግማሹ ለመውጣት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ ቀስ እያለ ብርዱ ተመለሰ፣ ድምፄ ተመለሰ፣ ጎህ ሲቀድ መነሳት አቃተኝ። ስንዴ ስበላ የኖርኩት ያንኑ ሰሞን ነው፣ ኪኒን ያጣሁትም ያንኑ ሰሞን ነው። የቱ እንደጣለኝ ግን አልተምታታብኝም፤ መድኃኒቱ ተገኝቶ ስመለስበት ቂጣውን እየበላሁ ነበር የተነሳሁት።

ዛሬ የምበላው እንዲህ ነው። እንጀራዬ ጤፍና ማሽላ ነው፣ ስለሚስማማኝ። ዳቦ ትንሽ፣ ለበዓልና ለሰው ቤት። ስንዴ ሲበዛብኝ ሆዴ ይነፋል፤ ያ የኔ ሆድ ጠባይ ነው፣ ለሌላ ሰው ሕግ አላደርገውም። ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ በርበሬ እበላለሁ። ተልባ ስጠጣ ከኪኒኑ አርቄ ነው። ስኳር ቀንሻለሁ። ክብደቴ ከመታመሜ በፊት ወደነበረው አልተመለሰም፣ ግን መውጣቱን አቁሟል። «ከሳሽ፣ ምን ሆንሽ?» የሚሉኝ ሰዎች መጥተዋል፤ እነዚያው «ተመችቶሻል» ይሉኝ የነበሩት።

ባለፈው ሰሞን የአጎቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለች። እሷም ተመርምራ ያው ተባለች፤ በዘር ይሄዳል ብዬ የለ። ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ነው የምትሠራው፤ አንዱን ሳምንት ቀን፣ ሌላውን ሌሊት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ምን ምን ልተው?» ነበር። እኔ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ ስንት ሰዓት እንደምትበላ፣ ከሥራ ስትገባ ሻይ ትጠጣ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ምግቡን እኮ ነው የጠየቅኩሽ» አለች ተናዳ። የፋብሪካው ካፌ ምሳው ፓስታ ነው፣ ሌላ አማራጭ የለም። «እስክትመረመሪ ፓስታሽን ብዪ» አልኳት።

የሌሊቱ ፈረቃ ግን አስቸገረን። ጠዋት ስትገባ ርቧታል፣ በልታ ነው የምትተኛው፤ ስትነሳ ደግሞ እናቷ ምሳ አቅርበው ነው የሚጠብቋት። በስልክ ስንወጣ ስንወርድ ቆየንና፣ ሥራ ቦታ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከሚበሉት በኋላ ምንም ሳትቀምስ ቆይታ፣ ንጋት ላይ ከመኪና ስትወርድ በያዘችው ውኃ እንድትውጥ፣ ቤት ደርሳ ታጥባ ልብስ እስክትቀይር ሰዓቱ እንዲሞላ ተስማማን። ለሐኪሟም ይህንኑ ነግራ አስጸድቃዋለች። በመሐል እንዳይረሳት አብራት በአንድ ፈረቃ የምትሠራ ጓደኛዋን አስታዋሽ አድርጋለች። የመጀመሪያው የክትትል ምርመራ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው የሚሆነው፣ ገና አልደረሰም። ውጤቷ ሲመጣ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች።